የይርገዱ የድህነት ማስረጃ

በመስከረም 1960 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣላትን ደብዳቤ ይርገዱ ሦስት ቀን ሙሉ በጉያዋ ይዛ ዞረች። ማንበብ አትችልም። የምታምናቸው አንባቢ፣ የደብሩ የፊደል አስተማሪ የኔታ ወልደ ሥላሴ፣ ተዝካር ተጠርተው ጣራ ገዳም ወጥተው ነበር። ሌላ ፊደል የቆጠረ ከመንደሩ ጠፍቶ አይደለም። አበረ የሚባል፣ ድጓው ሲከብደው አቋርጦ የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ የሆነ ሰው አለ። አበረ ያነበበው ሁሉ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳኛው ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ጠበቀች። ማሳዋ ላይ የተኛው የርብ ወንዝ ውሃ እስኪሸሽ በየዓመቱ ወራት የምትጠብቅ ሴት ሦስት ቀን አያቅታትም።

የኔታ ሲመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አነበቡላት። ልጇ ኃይለ ሚካኤል ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ለትምህርቱ አይከፈልም፤ ምግቡና መኝታው ግን በራስ ነው። ወላጆቹ መርዳት ለማይችሉ ተማሪ መንግሥት በየወሩ መደጎሚያ ይሰጣል፤ ዕዳ አይደለም፣ አይመለስም። የሚሰጠው ግን ቤተሰቡ ድሃ ለመሆኑ ያገሩ አጥቢያ ዳኛ መስክሮ፣ የወረዳ ማኅተም ተመትቶበት፣ ወረቀቱ እስከ ጥቅምት ሠላሳ አዲስ አበባ ከገባ ነው። በየዓመቱም ይታደሳል። ካልገባ ስሙ ይሰረዛል።

«እንዴት ያለ ነገር ነው የኔታ? መንግሥት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰጠው?» አለች ይርገዱ።

«ልጁን አስተምሮ ሊያሠራው ነዋ። በሬም ቀንበር ሳይሸከም አስቀድሞ መኖ ይቀርብለታል።»

«ድሃ መሆኔንስ እንዴት አያውቅም? ግብር ሲሰበስብ ቤቴን ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘው አይደለም እንዴ?»

የኔታ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሰብሳቢው መንግሥትና ሰጪው መንግሥት አይተዋወቁም ልጄ። አንዱ በፈረስ ይመጣል፤ ሌላው በደብዳቤ ነው።»

«አጥቢያ ዳኛው ማን እንደሆነ ልጄ ጠፍቶት ነው?»

የኔታ ደብዳቤውን አጠፉት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ካህናታችን ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ የኔታ ግን ቢያንስ አፍረው መሬት አዩ።

አጥቢያ ዳኛው ባላምባራስ አድማሴ የይርገዱን ባል የገደለ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው በ1943 ኅዳር ነው። ፎገራ ላይ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው፣ ጣናም ካልጋው ተነሥቶ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ብቻ ይቀራል፤ ችካል የለ፣ ድንበር የለ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው ይወጣሉ። ይህ የእገሌ ያባት ርስት ነው፣ ያ የእገሊት ነው እያሉ በቃል ይመሰክራሉ፤ በምስክሩ ልክ ገመድ ይጣላል፤ በገመዱ ልክ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ወረቀት የሚባል ነገር አይገባበትም። ጠመንጃ ግን ይገባበታል። ሰው ሲወድቅ አገረ ገዢው «የባላገር ጠብ» ይለዋል፤ እንዲህ ሲባል ባላገሩ ደም የጠማው፣ አገረ ገዢው ደግሞ ሰላም የጠማው ይመስላል።

በዚያ ኅዳር ለአድማሴ ተብሎ ገመዱ በይርገዱ ባል በደረሰ ማሳ መካከል ሲዘረጋ፣ ደረሰ መጥቶ በባዶ እግሩ ገመዱን ረገጠው።

«እግርህን አንሣ» አለው አድማሴ። ያን ጊዜ ማዕረግ የለውም፤ ያለው ጠመንጃና ብዙ ወንድም ነው።

«የአያቴ መሬት ላይ ቆሜ እግሬን ወዴት ላንሣው? ትከሻህ ላይ?»

ሰዎች ሳቁ። አድማሴ ተኮሰ። ጥይቱ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ገባ፤ ደረሰ ቶሎ አልሞተም። ጭቃውን እየቧጠጠ፣ አንጀቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ገመዱን በሌላው እጁ ጨብጦ እስከ ቀትር ቆየ። ይርገዱ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከገመዱ እያላቀቁ ነበር። ገመዱ ያስፈልጋቸዋላ! ሬሳውን ወደ ጎን አድርገው ልኬታቸውን ጨረሱ። የደረሰ ማሳም በዚያው ቀን የአድማሴ ሆነ።

አድማሴ አራት ዓመት ጣና ዳር ደንገል ውስጥ ሸፈተ፤ ነጋዴ ገፈፈ፣ ሁለት ነጭ ለባሽ የመንግሥት ዘበኛ ገደለ። ከዚያ መንግሥታችን እንዲህ ያለውን ሰው እንደሚቀጣው ቀጣው፤ ምሕረት ሰጠው፣ ባላምባራስ አለው፣ ዳኛ አደረገው። በአገራችን ሕግ አንድ ሰው የሚገድል ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሦስት የሚገድል ግን ለሹመት ይታሰባል።

ይርገዱ ምን አደረገች? ልጇ ሰባት ዓመት ሲሞላው የባሏን ውጅግራ ጠመንጃ አውጥታ ወረታ ገበያ ሸጠችው። በመሣሪያው ዋጋ ለልጇ ልብስና ደብተር ገዛች፤ ወረታ ትምህርት ቤት አስገባችው። አባቱ የተገደለበት ወንድ ልጅ ጠመንጃው ተሸጦ ደብተር ሲገዛለት ፎገራ አይታ አታውቅም። ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ጀርባቸውን አዞሩባት። አንዷ ሙሾ አወረደችባት፤ ሰው ሳይሞት። ወንድሟ አንለይ እንኳ ዓመት ሙሉ እጇ የነካውን አልበላም።

«ደም የሚመልሰውን ሸጥሽው» አላት።

«የሚመለሰውን ደም ነው የሸጥሁት። ነገ ልጄን ደግሞ ማን ይቀብራል? አንተ?» አለችው።

ልጁን በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በኋላም በጎንደር ስታስተምር አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ከባሏ ማሳ ባይተርፋትም ከአባቷ የወረደ የራሷ ርስት ነበራት፤ አንለይ እያረሰ እኩል ይካፈላሉ። ልጁ በዚያ ተማረ። ለዩኒቨርሲቲው ግን ያ ርስት አይበቃም፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ጓያ ይዞ ሄዶ እንጀራ አይገዛም። ካልተማረ ደግሞ ይመለሳል። ከተመለሰ አድማሴ አለ። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋት ይህን አንድ ነገር አንቀላፍታም አትረሳውም፦ ልጇ እዚያ ከተቀመጠ ይኖራል፤ እዚህ ከመጣ ይሞታል ወይም ይገድላል።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ባሏ ገዳይ ሄደች።

አድማሴ ለችሎት ከሚቀመጥበት ሾላ ሥር፣ ዙሪያውን ተሟጋች ከቦት፣ አበረ በጎኑ ቀለሙን አስቀምጦ ተቀምጧል። ጉዳይዋን ስትናገር አበረ ራሱ ብዕሩን አቆመ።

«ምን አልሽ?» አለ አድማሴ።

«ድህነቴን እንዲመሰክሩልኝ ነው ጌታዬ።»

«ውይ! ከኔ የተሻለ ምስክርማ ከየት ታመጫለሽ? ባልሽን የገደልሁ እኔ፣ የባልሽን ማሳ የወሰድሁ እኔ። ድህነትሽን ከነሥሩ አውቀዋለሁ፤ እኔው ተከልሁት እኮ!»

ተሟጋቹ ሁሉ ሳቀ። ከሚስቁት ገሚሶቹ በሚቀጥለው ሰዓት እሱ ዘንድ የሚታይ ሙግት አላቸው፤ ሳቁ ከመደለያ ይቆጠርላቸዋል።

«ልጁ ግን ምን ሊሆን ነው?» አለ አድማሴ ወደ አበረ ዞሮ።

«ሕግ ከተማረ እንግዲህ ዳኛ ይሆናል፤ የወረዳ ገዢም ይሆናል። ዛሬ ሹመት በትምህርት ሆኗል ጌታዬ።»

አድማሴ መሳቁን ተወ። «ጻፍ» አለ።

አበረ ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበው። ይርገዱ ባል የሌላት፣ ከብት የሌላት፣ ርስት የሌላት ድሃ መሆኗን…

«ርስትማ አለኝ» አለች። «ያባቴ ርስት አለ። ድሃ ነኝ አልሁ እንጂ አገር የለኝም አላልሁም።»

«በመንግሥት ቋንቋ ርስት ያለው ድሃ የለም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» አለ አድማሴ።

«አትስጊ ይርገዱ፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው የሚሄድ» አለ አበረ።

ይህ እንግዲህ የእሷ ስሕተት ነው፤ ፎገራ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስሕተት። ርስት በሰው አፍ የሚኖር ነገር ነው። አባትሽ ማን ነው፣ አያትሽ ማን ነው ተብሎ ሽማግሌ ይመሰክርበታል፤ ወረቀት ምን አግብቶት! ወረቀት የከተማ ነገር ነው፤ ለከተማ የተዋሸ ውሸት ርብን ተሻግሮ አይመጣም። እንዲህ አሰበች። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ተጫነች። አድማሴም መጻፍ ስለማይችል የራሱን አውራ ጣት ከእሷ ጎን ተጫነ። አበረ ሁለት ቅጂ አድርጎ በሁለቱም ማስጫኑን አየች፤ አልጠየቀችም።

ወረዳው ማኅተሙን መታ። መደጎሚያው ተፈቀደ። ልጁም «እናቴ፣ ጠግቤ አድራለሁ» ብሎ ጻፈ፤ የኔታ ሁለት ጊዜ አነበቡላት።

ሁለተኛው ቅጂ ኅዳር ላይ ተገለጠ።

ውሃው ሸሽቶ ሽማግሌዎቹ ገመድ ይዘው ወደ ይርገዱ ማሳ ሲደርሱ፣ አድማሴ ከስድስት ሰው ጋር ቆሞ ጠበቃቸው። ወረቀቱን አበረ አነበበ። ርስት የሌላት። ጣቷም ይኸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ሁለቱ አባቷን ቀብረዋል፤ ሦስቱ እዚያው ማሳ ላይ አባቷ ደግሶላቸው በልተዋል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ ራሷ ካለች…» አለ። ያገር ሽማግሌ ማለት ይህ ነው፤ አርባ ዓመት የሚያውቀውን በአንድ ወረቀት ይረሳዋል።

አንለይ ዱላውን ይዞ ገባ። የመጀመሪያውን ሰው ጉልበቱን መታው፤ ሰውየው እንደ በግ ጮኾ ወደቀ። ሁለተኛውን ሳይደርስበት ከኋላ መቱት። ሲወድቅ ክንዱን እንጨት ላይ አጋድመው በሌላ እንጨት ሰበሩት፤ የተሰነጠቀው አጥንት ነጭ ሆኖ በቆዳው ወጣ። አፉን በጫማ ረገጡት፤ ጥርሱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ይርገዱ ከላያቸው ዘላ አንዱን ጆሮውን ነክሳ ያዘች፤ እስኪቆረጥ አልለቀቀችም። በጠመንጃ ሰደፍ ትከሻዋን ሲሏት ነው አፏን የከፈተች። አድማሴ ይህ ሁሉ ሲሆን በበቅሎው ላይ ተቀምጦ የባቄላ እሸት ይፈለፍል እንደ ነበር ያዩ ተናግረዋል። ምን ይቸኩላል? ሕጉ በአበረ እጅ ነው።

ነገሩ ወረታ፣ ወረዳ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ጥር ላይ ቀረቡ። አንለይ ክንዱን በሸንበቆ አሳስሮ፣ በድዱ እየተናገረ መጣ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወረቀቱን ዘረጋ።

«ይህ ጣትሽ ነው?»

«ነው ጌታዬ።»

«በዚህ ላይ ርስት የለኝም ብለሻል። አሁን ደግሞ ርስቴን ተነጠቅሁ ትያለሽ። አለሽ ወይስ የለሽም? አለኝ ካልሽ ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ወረቀት የተሰጠ የመንግሥት ገንዘብ ይመለሳል፣ ልጁም ይባረራል፣ አንቺም ትታሠሪያለሽ። የለኝም ካልሽ መሬቱ የባላምባራስ ነው።»

አንለይ በስባሪ አፉ፣ «አለኝ በዪ! አለኝ በዪ እህቴ!» ብሎ ጮኸ። ፖሊስ አንገቱን ይዞ አስቀመጠው።

ይርገዱ ዳኛውን አየች። አድማሴን አላየችም። የአባቷ አጥንት ያረፈበት፣ የወንድሟ ክንድ የተሰበረበት፣ ልጇን ያስተማረ ጥቁር መሬት በአንድ በኩል ነው፤ በሌላው በኩል ልጇ አዲስ አበባ ተቀምጦ እየበላ ነው። ከተባረረ በሚቀጥለው አውቶቡስ ወረታ ይወርዳል።

«የለኝም» አለች።

አንለይ ሲወጡ ፊቷ ላይ ምራቁን ተፋባት። በቀሚሷ ጠረገችው። ለልጇም ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል እንዳይጻፍለት የኔታን በታቦት አስማለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ወረታ ጠላ ቤት ተቀጥራ ውሃ መቅዳት፣ ብቅል መፍጨት ያዘች። የመንገድ ሠራተኛ ሲሰክር ይመታት ነበር፤ አንድ ጊዜ በጠርሙስ ግንባሯን ከፈተው። የጠላ ቤቱ ባለቤት ደሙን በአመድ ደፍና፣ «ቶሎ ውሃውን» አለቻት። መንግሥት የጠየቃትን ድህነት አሁን አንድ ሳታጎድል ይዛዋለች፤ ማኅተም ሳይመታበትም በሩቁ ይታያል።

ዓመቱ ዞረ። መደጎሚያው መታደስ አለበት። በጥቅምት 1961 የመጨረሻ ዶሮዋን ይዛ አበረ ዘንድ ሄደች። አበረ ዶሮዋን አመዛዝኖ ተቀበለ፣ ወረቀቱን ጻፈ፣ ጣቷን አስነካት።

«የባላምባራስ ጣት ይቀራል። ቁርጥማት ይዟቸው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ገብተዋል። እዚያው ሄደሽ አስጫኛቸው» አላት። ቀለም የጠጣ ጨርቅም በቆርቆሮ ክዳን ሰጣት። ደግ ሰው ነው አበረ፤ የዶሮ ያህል ደግ።

ይርገዱ ስትሄድ ውላ፣ መንገድ አድራ፣ ማለዳ ዋንዛዬ ደረሰች። በሽተኛው ሁሉ ከፍል ውሃው ራቅ ብሎ ተኮልኩሏል። ሽባው፣ ቁስለኛው፣ ወገቡ የተያዘው፣ ሁሉም ብርድ ላይ ቁጭ ብሏል። ባላምባራስ ሲታጠብ ሌላ ሰው አይገባማ! እግዜር ለሁሉ ያፈለቀውን ውሃ አንድ ቁርጥማታም ቀማኛ ይዞታል። ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ደሴ የሚባል ነጭ ለባሽ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ደሴ የመንደሯ ልጅ ነው፤ ያውቃታል።

«ለማስፈረም ነው? ግቢ፤ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል» አላት።

አድማሴ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ ፊቱን ይሸፍነዋል። ራቁቱን ሲታይ ባላምባራስነቱ ኮቱ ላይ ቀርቷል፤ ሆዱ የወረደ፣ ክንዱ የከሳ ሽማግሌ ነው።

«እንደገና ደኸየሽ?» አለ።

«ዘንድሮስ እውነቴን ነው ጌታዬ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ውሃውን አናወጠው። «ጨዋታ ታውቂያለሽ። ግን ዘንድሮ አልጫንልሽም። ልጁ ራሱ ይምጣ።»

«ትምህርት ላይ ነው ጌታዬ። የሚሉትን እኔ ላድርግ። እግርዎን ልሳም።»

«ያንቺ ከንፈር ምን ያደርግልኛል? ተምሮ፣ ከረባት አስሮ፣ ወረዳ ገዢ ሆኖ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው? ይመጣል፤ መጥቷል ቁጠሪው። ከመንደር ሳልወጣ አበረን አስጽፌዋለሁ። ‹እናትህ ልትሞት ታጣጥራለች፤ ቶሎ ድረስ› ይላል። ያው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ደሴ ነገ ወርዶ ለአውቶቡሱ ይሰጠዋል። አባቱ ያየውን አፈሙዝ ልጁም ያየዋል።»

አበረ ሁለቱንም ወረቀት ጽፏል፤ የእሷን ለዶሮ፣ ይህን ለደሞዙ።

አድማሴ ዞሮ ጀርባውን ሰጣት። «በይ ከመጣሽ አይቀር ጀርባዬን እሺልኝ። ባልሽን ካጠብሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ከገንዳው ዳር የእንስራ ክዳን የሚያህል ድንጋይ ነበር። ወረቀቱንና ቀለሙን ደረቅ ቦታ አኑራ፣ በሁለት እጇ አነሣችው። የጠላ ቤት እንስራ ዓመት ሙሉ የተሸከመ ትከሻ አልከበደውም። ማጅራቱ ላይ አወረደችው። «ህእ» ብሎ በፊቱ ወደ ውሃው ተደፋ፤ በክርኑ ሊነሣ ሲል ሁለተኛውን አናቱ ላይ መታችው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ቅል ተሰነጠቀ። አልሞተም። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ቀሚሷን ያዛት፤ ጎትቶ ውሃው ውስጥ ጣላት። ፍል ውሃው አፏና አፍንጫዋ ገባ። ጭኑ ላይ ቆማ፣ ፀጉሩን ጨብጣ፣ ፊቱን ከታች ድንጋይ ላይ ደጋግማ አላተመችው። አፍንጫው ሲሰበር በእጇ ተሰማት። ከዚያ በጉልበቷ አንገቱ ላይ ተቀመጠች፤ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ተቀመጠች። ምንጩ ከላይ እየተንዠቀዠቀ ይጮህ ስለ ነበር ደሴ ምንም ሳይሰማ ውጭ ሆኖ ያፏጫል። ውሃው ቀላ፤ እንፋሎቱ ደም ደም ሸተተ።

አንድ ክንዱን ወደ ዳር ጎትታ አወጣችው። አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፤ ቀለሙ ተንሸራቶ ወረደ። እርጥብ ጣት ቀለም አይዝም። የገዛ ኮቱን አምጥታ ጣቱን አደረቀችው፤ እፍ እፍ አለችበት፤ እንደገና አደረቀችው። ከዚያ ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ጥርት ብሎ ወጣ። ባላምባራስ አድማሴ በሕይወቱ ሙሉ የመሰከረው እውነተኛ ምስክርነት ይኸው ብቻ ነው።

ከኮቱ ኪስ ደብዳቤውን አወጣች፤ ፍል ውሃው ውስጥ አሽታ አሽታ ሊጥ አደረገችው። ቀሚሷን አለቅልቃ ጨመቀች። ስትወጣ ደሴን፣ «ውሃው ጥሟቸዋል፤ ማንም እንዳይገባ» አለችው።

«ምነው በሰበስሽ?»

«ጀርባ አሳሹኝ።»

ደሴ በሳቅ ፈነዳ።

እስከ መኪናው መንገድ ሮጠች ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ጥጥ የጫነ መኪና ላይ ተንጠለጠለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወረታ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባች። ጸሐፊው ወረቀቱን ገለባብጦ አየ።

«ባላምባራስ ደህና ናቸው?»

«ውሃ ውስጥ ናቸው።»

«ይማራቸው» አለና ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ።

ፖስታውን ለአውቶቡሱ ረዳት በእጁ ሰጠችው። አውቶቡሱ ወደ ባሕር ዳር አቧራውን አንሥቶ እስኪጠፋ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ቆመች። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ፣ «ሰው ገድያለሁ» አለች። የአድማሴ ወንድሞች በበቅሎ እየጋለቡ የደረሱት እሷ ከታሰረች በኋላ ነው። የጣቢያውን በር በጥይት ቀዳደዱት፤ አንድ ፖሊስ ጭኑን ተመታ። እሷን ግን አላገኟትም። ሲያጧት ወደ አበረ ቤት ሄዱ፤ ወረቀት የጻፈላት እሱ ነው ብለው፣ የሚጽፍበትን እጅ በቆንጨራ ከአንጓው ቆረጡት። ዕድሜውን ሙሉ ጌታ የሚለውን ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ የጌቶቹን ምስጋና አገኘ።

ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት፣ «ለምን ገደልሽው?» አላት።

እውነቱን ብትናገር ወረቀቱ ይጠየቃል። ወረቀቱ ከተጠየቀ ጣቱ ይጠየቃል።

«ለባሌ ደም ነው» አለች።

ዳኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ይገባቸዋል። አቃቤ ሕጉም ሌላ አልጠየቀም። ዕድሜ ልክ ፈረዱባት። ፎገራ ግን ተነሣች፤ ጀርባቸውን ያዞሩባት ሴቶች እልል አሉ፣ ቀረርቶ ወጣላት፣ ወንዶቹ «እናት አንበሳ» አሏት። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ከደም ስትሸሽ የኖረችውን ሴት ደም መላሽ ብለው አሞካሿት። አንዳቸውም ስለ ትምህርት ቤት መደጎሚያ ነው ቢባሉ አያምኑም፤ ለዚህ ሰው ይገደላል? ለአንድ ስንዝር ጭቃ ሲሆን ግን ይገባቸዋል።

ኃይለ ሚካኤል ሰምቶ ትምህርቱን ጥሎ ልምጣ ብሎ ጻፈ። መልሱን የኔታ በቃሏ ጻፉለት፦ «ከመጣህ እናት የለህም። ብላ፣ ተማር።» አልመጣም። እንደ ጓደኞቹ በተማሪ ሰልፍ ድንጋይ ሲወረውር፣ በፖሊስ ዱላ ሲፈነከት ቆየ እንጂ ስሙ ከመደጎሚያው መዝገብ አልተሰረዘም።

በ1962 ጥቅምት አንለይ ደብረ ታቦር ወኅኒ ቤት መጣ። ከመሬቱ ፍርድ ወዲህ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነበር። የተጣመመ ክንዱን ደብቆ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወረቀት አቀበላት።

«አዲሱ አጥቢያ ዳኛ ሳይጨቃጨቅ ጫነበት። ያንቺ ጣት ይቀራል» አላት።

«ምን ይላል?»

አንለይ ማንበብ አይችልም፤ ወደ ዘበኛው አየ። ዘበኛው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ «ባል የሌላት፣ ርስት የሌላት፣ በእስራት ላይ የምትገኝ…» ብሎ አነበበ።

«ከብት የሌላትስ?»

«የለም።»

«ሂድ ይጨምሩበት» አለች ለአንለይ። «ጎደለ ብለው እንዳይመልሱት።»

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህ በላይ ምን ድህነት…»

«ሂድ አልሁህ።»

አንለይ ወረቀቱን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተና ወደ ወረታ የሚወርደውን መኪና ለመያዝ ሮጠ። ጥቅምት ሠላሳ ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።